«ነበር»ን ሳንይዝ «ዩስቱ»ን ልናስተምር?

በማሠልጠኛችን የቋንቋ ክፍል ሠልጣኞች መካከል ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ ምግብ አዳራሽ ድረስ ዘልቋል። ርእሱን ሲሰሙት ይህን ያህል የሚያከራክር አይመስልም፤ ስላለፈ ጊዜ ሲነገር የሚገቡ ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። በመጽሐፍ ላይ ተለያይተው ይጻፋሉ፣ በአፍ ግን ተጣብቀው «ዩስቱ» ይባላሉ። «ሂ ዩስቱ ሊቭ ኢን ሐረር» ሲባል «ዱሮ ሐረር ይኖር ነበር» ማለት ነው። ይኸው ነው። ታዲያ ምኑ ያከራክራል? ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ቀመሩ በሰሌዳ ይጻፍ፣ ተማሪው ይያዘው፣ መልመጃ ይሰጠው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፍ» ይላሉ። እኛ ይህን የምንጽፈው ደግሞ «ኧረ ቆዩ! ይህ ነገር ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ በኩል ካልሄደ አይደርሳቸውም፤ ቢደርስም ተገልብጦ ነው የሚደርሰው» እንላለን። የጋዜጣው አዘጋጆች ሐሳባችንን ዘርዘር አድርገን እንድናቀርብ ይህን ቦታ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስረዳ። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የጻፍነው ላቲኑ ጠፍቶን አይደለም። የላቲኑ አጻጻፍ እዚህ ላይ የሚደብቀውን ድምፅ የእኛ ፊደል ስለሚያወጣው ነው። «ተጠቀመ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ግሥ በ«ዘ» ድምፅ «ዩዝ» ይባላል፤ ኃላፊው «ዩዝድ» ነው። ያለፈ ልማድን የሚነግረን ግን «ዘ»ው ወደ «ሰ» ተለውጦ፣ የመጨረሻው «ድ» በ«ቱ» ተውጦ «ዩስቱ» ይሆናል። በላቲኑ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደላት ስለሚጻፉ ዐይን አይለያቸውም። ጆሮ ግን ይለያቸዋል። አንባብያን እዚሁ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ ብትሏቸው «ዩዝድ ቱ» እና «ዩስቱ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ትሰማላችሁ። (ሰው ዞሮ ቢያያችሁ ግድ የለም፤ የቋንቋ ሠልጣኝ ነው ብሎ ይተዋችኋል።)

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ሦስታችን በተመደብንበት ትምህርት ቤት፣ በ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለ መለኪያ መሣሪያዎች የሚናገር አጭር ምንባብ ይነበብ ነበር። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ኤ ቴርሞሜተር ኢዝ ዩዝድ ቱ ሜዠር ቴምፕሬቸር» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ አንድ በትምህርቱ ጎበዝ የሚባል ልጅ ተነሥቶ «ቴርሞሜትር ዱሮ ሙቀት ይለካበት የነበረ መሣሪያ ነው፤ አሁን ቀርቷል» አለ። ክፍሉ ዝም አለ፤ የሳቀ የለም፤ ሁሉም ትክክል መስሎታል። «ጤና ጣቢያ ሄደህ አታውቅም?» ብለን ስንጠይቀው «አውቃለሁ፤ እዚያማ ብብቴ ሥር አድርገውልኛል» አለን። «ታዲያ?» ብንለው ደብተሩን ገልጦ አሳየን። በሰማያዊ እስክሪፕቶ ከበብ ተደርጎ «ዩዝድ ቱ፦ ዱሮ የነበረ፣ አሁን የቀረ» ተብሎ ተጽፏል። «መጽሐፉ ቀርቷል ይላል» አለ፣ በሙሉ ልቡ።

ልጁ በገዛ ብብቱ የሚያውቀውን ትቶ ደብተሩን አመነ። እንዲህ ያለውን ነገር «የተማሪው ስንፍና» ብለን ልናልፈው አንችልም፤ ልጁ የተሰጠውን ቀመር አንድም ሳያጎድል ነው የተጠቀመበት። ቀመሩ ራሱ ግን ግማሽ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። የሳይንስ መጽሐፍ «ኢዝ ዩዝድ ቱ» በሚል ሐረግ የተሞላ ነው፤ ይህ ዕቃ ለዚህ ያገለግላል፣ ያ ንጥረ ነገር ለዚያ ያገለግላል እያለ የሚሄድ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ በ«ዩስቱ» የተሞላ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሄደ ልጅ በፊዚክስ ያለውን ሁሉ የሞተ ዕቃ አድርጎ ያነባል። እኛ ወደፊት የምናስተምረው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ይዞት የሚገባው ከእኛ እጅ የወሰደውን ነው።

ነገሩ የሚምታታው በእንግሊዝኛው በኩል ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ነው። «ሺ ዩስቱ ዎክ» ያለ እንደሆነ «በእግሯ ትሄድ ነበር» ማለት ነው። «ሺ ኢዝ ዩስቱ ዎኪንግ» ካለ «በእግር መሄድ ለምዳለች» ማለት ነው፤ የአሁን ነገር ነው፣ የቀረ ነገር የለበትም። «ኢት ኢዝ ዩዝድ ቱ ሜዠር» ካለ ደግሞ «ለመለካት ያገለግላል» ነው። አሁን አማርኛውን ብቻ ተመልከቱ፤ «ነበር»፣ «ለምዷል»፣ «ያገለግላል»። እነዚህን ሦስቱን የሚያምታታ ልጅ በአገር ተፈልጎ አይገኝም። የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ «ውሻው ሰው ለምዷል» እና «ውሻው ሰው ይነክስ ነበር» ሲባል ልዩነቱ ይገባዋል፤ አንዱን ይዳብሰዋል፣ ስለ ሌላው ደግሞ «አሁንስ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው በአንድ ልብስ የደበቀውን ቋንቋችን በሦስት ቃል ለያይቶ አስቀምጦልናል። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጃችን ይዘን ቀመር ፍለጋ መሄዳችን ነው የሚገርመን።

ታዲያ ልጁ በመጽሐፍ ላይ ሲያገኘው በምን ይለየው? ፊቱንና ኋላውን ይይ። ከሐረጉ በፊት «ኢዝ»፣ «አም»፣ «አር» ወይም «ዋዝ» ከሌለ ያለፈ ልማድ ነው፤ «ነበር» ይበል። ካለ ደግሞ ወደኋላው ይመልከት። የሚከተለው ቃል «ኢንግ» የሚል ጭራ ካለው ወይም ስም ከሆነ «ለመደ» ነው፤ ግሡ ጭራ ሳይኖረው ባዶውን ከመጣ «ያገለግላል» ነው። «ዋዝ» ሲቀድመው ልጁ «አለፈ» የሚለውን ብቻ አይቶ እንዳይሳሳት አንድ ሁለት ምሳሌ ያስፈልገዋል፤ «አዳራሹ እህል ለማከማቸት ያገለግል ነበር» የሚለው በ«ዋዝ ዩዝድ ቱ» ነው የሚነገረው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይጫን አንልም። «ያገለግላል» የሚለውን በሳይንስ ምንባብ ጊዜ፣ «ነበር» የሚለውን በታሪክ ምንባብ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማምታታት የፈተና አውጪዎች ሥራ እንጂ የመምህር ሥራ አይመስለንም።

እስከ አሁን የተናገርነው አማርኛው ሲረዳን ነው። የሚያጠምደን ጊዜም አለና እሱንም እናንሣ፤ ይህ ክፍል ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። «ይሄድ ነበር» የሚለው አነጋገራችን አንድ ብቻውን ሦስት ሥራ ይሠራል። «ስደርስ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር» ስንል በዚያች ሰዓት በመንገድ ላይ ነበረ ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው «ዋዝ ጎዪንግ» ይላል። «በዚያ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር» ስንል ልማዱን መናገራችን ነው፤ እዚህ ነው «ዩስቱ ጎ» የሚገባው። «ብትነግረው ኖሮ ይሄድ ነበር» ስንል ደግሞ ጭራሹን አልሄደም፤ እንግሊዝኛው «ዉድ ሃቭ ጎን» ይለዋል። ስለዚህ «ነበር ማለት ዩስቱ ነው» ብሎ ብቻ ማስተማርም ሌላ ግማሽ ቀመር ነው። እንዲያውም ከፊተኛው የባሰ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጁ «ነበር» ባለበት ሁሉ ይሰካዋልና።

ከተማሪዎች ደብተር ላይ ያየናቸውን እንንገራችሁ። «የዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ነበር» የሚለውን በ«ዩስቱ» የጻፉ ብዙ ናቸው። ዐድዋ ልማድ ነው እንዴ? በየዓመቱ ይዋጉ ነበር ማለት ይሆናል እኮ! አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነገር «ዋዝ» ይበቃዋል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ይህም የአንድ ቀን ድል ነው፤ «ራን» እንጂ «ዩስቱ ራን» አይባልም። በአንጻሩ «ጎንደር የመናገሻ ከተማ ነበረች» ስንል በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ከተቆረቆረች በኋላ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ፣ ኋላም የቀረ ሁኔታ ነውና «ጎንደር ዩስቱ ቢ ዘ ካፒታል» ልክ ነው። «አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር» የሚለውም እንዲሁ። ባቡሩም ከዚሁ ይመደባል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ለገሃር ይቆም ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ለገሃር አይገባም። ስለዚህ «ዘ ትሬን ዩስቱ ስቶፕ አት ለገሃር» ብንል ሰዋስውም ታሪክም ይስማማሉ።

ስንት ጊዜ ወይም ስንት ዓመት የሚል ቁጥር ሲመጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሦስት ጊዜ ጅማ ሄዷል» ወይም «አምስት ዓመት ሐረር ኖሯል» ሲባል በእንግሊዝኛ «ዩስቱ» አይገባም፤ ተቆጥሮ የተዘጋ ነገር ነው። «ዩስቱ» የሚወደው ድንበሩ ያልተቆጠረ ዘመንን ነው፤ «በልጅነቴ»፣ «በዚያን ጊዜ»፣ «ዱሮ ዱሮ»። ስለ «ዲድ» አንድ ቃል ብቻ እንበልና እንለፍ። በጥያቄና በአሉታ «ዲድ» ሲገባ ኃላፊነቱን እሱ ስለሚሸከመው በጽሕፈት የ«ዩዝድ» መጨረሻ «ድ» ትወድቃለች። በአፍ ግን ልዩነት የለውም። ፈተና ላይ ስለምትመጣ ነው ያነሣናት እንጂ ያን ያህል ቀን የምታጠፋ አይደለችም።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገራችን። ከሰዋስው ይልቅ በእውነትና በሐሰት በኩል ያለው ነው።

«ዩስቱ» ሁለት እግር አለው፤ አንዱ በዱሮ፣ አንዱ በአሁን ላይ የቆመ። «ይህን ያደርግ ነበር» ሲል «አሁን ግን» የሚለውን ሳይናገር ያስከትለዋል። በእኛም ቋንቋ «ነበር ባይሰበር» የሚባለው ለዚህ ነው፤ «ነበር» ሲባል የሰማ ሰው «ተሰብሯል ማለት ነው» ብሎ ይጠብቃል። እርግጥ በሁለቱም ቋንቋ «ይሄድ ነበር፣ አሁንም ይሄዳል» ብሎ ማፍረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ካላፈረሱት በቀር ሰሚው የሚረዳው እንደቀረ ነው። እንግዲህ ይህን ሐረግ ለማስተማር የምንሰጠው ምሳሌ ሁሉ ስለ ልጁ ኑሮ አንድ ነገር ይናገራል ማለት ነው። «ሰዎች ዱሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር» ባልን ቁጥር «አሁን አያደርጉም» እያልን ነው።

የተለመዱትን ምሳሌዎች ተመልከቱ። «ዱሮ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ አሁን ኢሜል ይልካሉ»፤ «ዱሮ ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር»፤ «ዱሮ በኩራዝ ይጠና ነበር»። ለከተማ ልጅ ደኅና ናቸው። በልምምድ የሄድንበት ትምህርት ቤት ግን ከዋናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ይወስዳል። «ማይ ግራንድማዘር ዩስቱ...» ብለው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ የቤት ሥራ ሲሰጣቸው ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ «አያቴ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጭ ነበር»፣ «በማገዶ ታበስል ነበር»፣ «ውሃ ከምንጭ ትቀዳ ነበር» ብለው ጻፉ። ሁሉም ሰዋስው አንድ እንከን የለበትም። ሁሉም እርማት አግኝቷል። ነገር ግን አንዷን ልጅ «አያትሽ አሁን በምን ያበስላሉ?» ብንላት «በማገዶ» አለችን። «ወፍጮውስ?» «እናቴ ናት አሁን የምትፈጭበት።» ታዲያ ለምን እንደዚያ ጻፍሽ ስንላት «መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ስለሚል» ነበር መልሷ።

በእርማት ደብተር ላይ ይህች ልጅ 10 ከ10 አግኝታለች። በእውነት ሚዛን ግን እናቷ ዛሬ ጧት የሠራችውን ሥራ በእንግሊዝኛ ከምድር ላይ አጥፍታዋለች። ይህን የሚያህል ነገር በሁለት ቃል ይሠራል። እኛ እንደ መምህር ሐረጉን አስተምረን ትርጉሙን ካላስተማርን ልጁ የሚለምደው እንግሊዝኛ የእሱን ኑሮ የማይመለከት፣ የሌላ ሰው ኑሮ የሚነገርበት ቋንቋ እንደሆነ ነው። ቴርሞሜትሩን «ቀርቷል» ያለው ልጅና ወፍጮውን «ነበር» ያለችው ልጅ በሽታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዐይናቸው ያየውን ለመጽሐፉ ትተውታል። ሽምደዳ የሚባለው ይኸው ነው። ሽምደዳ የማስታወስ ብዛት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን የከፋው ጉዳቱ ልጁ ራሱን ምስክር አድርጎ መቁጠርን መተዉ ነው እንላለን።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ወጪም የለበትም። ልጆቹ አስቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ወይም የሠፈር ሽማግሌዎችን «እናንተ በልጅነታችሁ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትን በቤታቸው ቋንቋ ይዘው ይምጡ። ክፍል ውስጥ በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ይሰመር፤ በአንድ ወገን የቀረው፣ በሌላው ወገን አሁንም ያለው ይጻፍ። እዚህ ላይ ልጆቹ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ! «ኧረ እኛ ሠፈር አልቀረም» የሚል ይነሣል። ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የተጀመረው። ለቀረው «ዩስቱ» ይሰጠው፤ ላልቀረው የዘወትር የአሁን ጊዜ ግሥ «ስቲል» ከሚለው ቃል ጋር ይሰጠው። «ማይ ግራንድማዘር ዩስቱ ግራይንድ ዊዝ ኤ ስቶን» ከማለት «ማይ ማዘር ስቲል ግራይንድስ ዊዝ ኤ ስቶን» ማለት ለዚያች ልጅ ይቀላታል፤ እውነትም ነው።

በዚህ መንገድ ልጆቹ አንድ ሌላ ነገርም ይለያሉ። ብዙ ተማሪ፣ እንዲያውም ብዙ ተመራቂ፣ ለአሁን ልማድ «አይ ዩዝ ቱ ዌክ አፕ አት ሲክስ» እያለ ይናገራል፤ «12 ሰዓት ላይ እነሣለሁ» ለማለት ነው። «ዩስቱ» ለኃላፊ ከሆነ «ዩዝ ቱ» ለአሁን ይሆናል ብሎ ማሰቡ ያላዋቂ አስተሳሰብ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው በጥንት ጊዜ እንደዚያ ይሉ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ግሥ በአሁን ጊዜ «ልማድ ማድረግ» የሚል ትርጉም ይዞ ይገኛል። ኋላ ግን የአሁኑ ወገን ከቋንቋው ወጣ፤ ኃላፊው ብቻውን ቀረ። በሌላ አነጋገር «ዩዝ ቱ» ራሱ «ዩስቱ» ሆኗል ማለት ይቻላል። ዛሬ ለአሁን ልማድ እንግሊዝኛው የዘወትሩን የአሁን ጊዜ ግሥ ብቻ፣ ቢፈለግም «ዩዡዋሊ» የሚለውን ጨምሮ ይጠቀማል። ይህን ታሪክ ለ6ኛ ክፍል ልጅ ንገሩ አንልም። መምህሩ ግን ቢያውቀው የተሳሳተውን ልጅ አይቆጣውም።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ደግሞ ከክፍል ውጭ ይበልጣል። አንድ ሥራ ፈላጊ በማመልከቻው «ጠንክሬ መሥራት ልማዴ ነው» ለማለት «አይ ዩስቱ ዎርክ ሃርድ» ብሎ ጽፎ አይተናል። ቀጣሪው የሚያነበው «ዱሮ ጠንክሬ እሠራ ነበር» የሚለውን ነው። አሁንስ? የሚለውን ቀጣሪው ራሱ ይሞላዋል። ሰውዬው ስለ ትጋቱ ሊመሰክር ፈልጎ በገዛ እጁ ስንፍናውን ፈረመ። «አይ አም ዩስቱ ዎርኪንግ ሃርድ» ቢል ኖሮ በ«አም» እና በ«ኢንግ» ይድን ነበር።

«ዉድ» የሚለውንም ካነሣን አይቀር፤ በተረትና በትዝታ ጽሑፍ ውስጥ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ በ«ዩስቱ» ጀምረው በ«ዉድ» ይቀጥላሉ። ተማሪው «ዉድ»ን ከ«ኖሮ» ጋር ብቻ ስለሚያውቀው ትዝታውን ያልሆነ ነገር አድርጎ ያነበዋል። አማርኛው ግን ለሁለቱም ያው «ይ... ነበር» ነው፤ ልጁ «በማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ተረት እንሰማ ነበር» ብሎ ቢተረጉመው አይሳሳትም። «ዉድ» ለድርጊት እንጂ ለሁኔታ እንደማይሆን፣ ማለትም ጎንደር መናገሻ መሆኗን በ«ዉድ» መናገር እንደማይቻል ማወቅ ለጊዜው ይበቃል።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። «ልጁ እንግሊዝኛ የሚሰማው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ያቺንም ጊዜ በአማርኛ ካጠፋችሁበት መቼ ይሰማል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። መምህሩ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያሳልፍበት ክፍል እንግሊዝኛ የሚማሩበት ክፍል አይደለም። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። አንድን ሐረግ በእንግሊዝኛ ብቻ ለማስረዳት 20 ደቂቃ ሲለፋ፣ «ለመደ ነው? ነበር ነው? ያገለግላል ነው?» የሚል ጥያቄ በግማሽ ደቂቃ የሚጨርሰው ከሆነ፣ የተረፈውን ጊዜ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲናገርበት ይዋል። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ እንግሊዝኛ አያናግረውም።

«ሁሉም ልጅ አማርኛ አፉን የፈታበት አይደለም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ይህም ልክ ነው። ከመካከላችን ኦሮምኛና ትግርኛ አፋቸውን የፈቱበት አሉ። በኦሮምኛ «ቱሬ»፣ በትግርኛ «ነበረ» ይህንኑ የልማድ ሥራ እንደሚሠሩ እነሱ ናቸው ያስረዱን። ስለዚህ ነገሩ የአማርኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ የተመደበበትን አካባቢ ቋንቋ ጠይቆ «እናንተ ይህን እንዴት ትሉታላችሁ?» ማለት ነው ያለበት። ይህን የሚጠይቅ መምህር ከተማሪው ይማራል፤ ተማሪውም ቋንቋው ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያያል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ምርጫ ጥያቄዎቹ አሁንም ቀመሩን ነው የሚጠይቁት፤ ባዶ ቦታ ሙላ፣ ትክክለኛውን ምረጥ። ስለዚህ ቀመሩን አትስጡ አንልም፤ ልጆቹ ማለፍ አለባቸው። ነገር ግን ከቀመሩ ቀድሞ አንድ ቀን ስለ ራሳቸው ሠፈር እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ።

በመጪው የማስተማር ልምምድ ይህንኑ ለመሞከር ተስማምተን የትምህርት ዝግጅቱን አሁን በጋራ እየጻፍን ነው። ለዚሁ እንዲረዳን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ እስክሪፕቶም በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ እባካችሁ አትውሰዱት። እያንዳንዳችሁ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን አንድ የ«ነበር» ዓረፍተ ነገር በቤታችሁ ቋንቋ ጻፉልን፤ ከጎኑም ነገሩ ቀርቶ እንደሆነ ወይም አሁንም ካለ ምልክት አድርጉ። ስም አያስፈልግም። የተነገረበትን ወረዳና የተናጋሪውን ዕድሜ ብቻ ጨምሩበት።